ከመርማሪነት ወደ መብት ጠባቂነት፦ የፖሊስ መኮንን የሰብዓዊ መብት ኃላፊ ሲሆን



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጥያቄ አጭር ነው። ዕድሜውን በፖሊስ ሠራዊት ውስጥ ያሳለፈ ከፍተኛ መኮንን የደንብ ልብሱን አውልቆ የሰብዓዊ መብት ተቋም ኃላፊ ሊሆን ይገባዋልን? ከሆነስ በየትኛው ወንበር ቢቀመጥ ይጠቅማል፣ በየትኛውስ ቢቀመጥ ይጎዳል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ተቋማት እንዴት ይዋቀራሉ የሚለውን ትልቅ ጉዳይ ይነካል።

ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር ሁለት ስሜቶች ይጋጫሉ። አንደኛው ወገን «የቀበሮ ባሕታዊ» ይላል፤ ትናንት ያሰረ እጅ ዛሬ እስራትን ሊመረምር አይችልም ማለቱ ነው። ሌላው ወገን የቤቱን ገመና የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው ይላል፤ በጣቢያ ውስጥ ምን እንደሚደበቅ፣ የት እንደሚደበቅ ከፖሊስ የበለጠ የሚያውቅ የለም ባይ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሆኖም ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሰውየው ባሕርይ ብቻ ስለሆነ ክርክሩ መቋጫ አያገኝም። እኔ ላስረዳ የምሞክረው፣ ከመኮንኑ ጋር ሁለት ነገሮች አብረው ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት እንደሚሻገሩ ነው፤ እነርሱም ዕውቀቱና ታማኝነቱ ናቸው። የጥሩ ሕግ ሥራ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን ከበሩ ላይ ማስቀረት ነው።

፩. ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙበት ቦታ

ሩቅ ሀገር ከመሄዳችን በፊት ከቅርብ እንነሣ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ የሚገኙትን ጨፋ ሮቢትንና ከሚሴን አስቡ። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚገኘው በዚህ ሸለቆና በአካባቢው ነው። በዚህ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የቆላ ቀበሌ አንድ ወጣት በወንጀል ተጠርጥሮ ተያዘ እንበል። ምሳሌው ግምታዊ ነው፤ ሕጉ ግን እውነተኛ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምን መብት እንዳለው ይዘረዝራል። የቀረበበት ክስና ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የእምነት ቃል እንዲሰጥ ሊገደድ አይችልም፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 29 ይህንኑ የ48 ሰዓት ገደብ ቀድሞ አስቀምጦታል፤ በአንቀጽ 31 ማባበልንና ማስፈራራትን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 59 ደግሞ ፍርድ ቤት ለምርመራ የሚፈቅደው የጊዜ ቀጠሮ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል።

ሕጉን ያነበበ ሰው እነዚህን ሁሉ ያውቃል። ጣቢያ ያዘዘ መኮንን የሚያውቀው ግን ከዚህ ያልፋል። 48ቱ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ሰውየው ከተያዘበት ቅጽበት መሆኑን፣ በመዝገብ የሚሰፈረው ግን ብዙ ጊዜ ጣቢያ የደረሰበት ሰዓት መሆኑን ያውቃል። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ የመጣ ሰው በእስረኛ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ሊያድር እንደሚችል ያውቃል። አንድን ተጠርጣሪ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ማዘዋወር ሰዓቱን እንደ አዲስ ለማስጀመር እንደሚያገለግል ያውቃል። «ቀሪ ግብረ አበሮችን ለመያዝና ተጨማሪ ማስረጃ ለመሰብሰብ» የሚለው የተለመደ የጊዜ ቀጠሮ ጥያቄ መቼ እውነተኛ ምርመራን እንደሚገልጽ፣ መቼ ደግሞ ባዶ መዝገብን እንደሚሸፍን ያውቃል። የዕለት ሁኔታ መዝገቡን፣ የእስረኛ መዝገቡን፣ የተረኛ ዝርዝሩንና የምግብ ወጪውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸርን ያውቅበታል። በምግብ ወጪው ላይ ሃያ ሰው፣ በእስረኛ መዝገቡ ላይ አሥራ ሰባት ሰው ቢያገኝ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሦስቱ የታሉ?» የሚል ይሆናል።

ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም በደል የሚፈጸምበት ምክንያት ነው። የጣት አሻራ ማነጻጸሪያ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ተሽከርካሪና ነዳጅ በሌሉበት ጣቢያ መርማሪው በእጁ ያለው ማስረጃ አንድ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም የተጠርጣሪው ቃል ነው። የበላይ አለቃው «ጉዳዩ ተጣርቷል» የሚል ሪፖርት ሲጠብቅ የእምነት ቃል ከማስረጃነት አልፎ የሥራ ውጤት መለኪያ ይሆናል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያላለፈ የመብት ተሟጋች ድብደባውን ያያል፤ ከድብደባው ጀርባ ያለውን የሪፖርት ጥያቄ ላያየው ይችላል። ስለዚህ የፖሊስ ዕውቀት ለሰብዓዊ መብት ሥራ የማይናቅ ሀብት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ዕውቀት ጋር ተጣብቆ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። ፖሊስ በዕዝ ሰንሰለት የሚኖር ሙያ ነው። ከኮንስታብል እስከ ኮሚሽነር በሚወጣው መሰላል ላይ እያንዳንዱ ማዕረግ የሚገኘው በበላይ ምዘና ነው። አደጋን አብሮ የተጋፈጠ ባልደረባ ለሌላው እንደ ወንድም ነው፤ ይህ መተሳሰብ በግዳጅ ላይ ሕይወት ያድናል፣ በምርመራ ጊዜ ግን ምስክርን ዝም ያሰኛል። ረጅም የምርመራ ልምድም የራሱ ዓይን አለው፤ «ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃል «ወንጀለኛ» ብሎ ማንበብ ይለመዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መኮንኑ ራሱ ያዘዛቸው፣ የፈረመባቸው፣ ወይም አይቶ ያለፋቸው መዝገቦች አሉ። ነገ አቤቱታ የሚቀርበው በእነዚያ መዝገቦች ላይ ሊሆን ይችላል።

፪. የሀገራችን ሕግ ምን በር ከፍቷል?

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ፖሊስ ሕጋዊ መሠረት በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ይጀምራል። አባዲና ተብሎ የተቋቋመውና ዛሬ በሰንዳፋ ወደሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ያደገው ማሠልጠኛም በርካታ መኮንኖችን አፍርቷል። በሀገራችን ከፖሊስ አመራር ወደ ሲቪል ኃላፊነት መሻገር እንግዳ ነገር አይደለም። የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽንን ለዓመታት የመሩት ዶክተር ወርቅነህ ገበየሁ በኋላ የትራንስፖርት ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ከዚያም የኢጋድ ዋና ጸሐፊ ሆነዋል። ወደ ሚኒስትርነትና ወደ ዲፕሎማሲ የሚወስደው መንገድ ተጠርጓል ማለት ይቻላል። ወደ ሰብዓዊ መብት ተቋም የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣል፤ ምክንያቱም ይህ ተቋም የሚመረምረው መኮንኑ የለቀቀውን መሥሪያ ቤት ራሱን ነው።

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 14 መሠረት አድርጎ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ተቋቋመ። አዋጁ ለተሿሚዎች ያስቀመጠው መስፈርት ሰፊ ነው፤ ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ የሆነ፣ ለሰብዓዊ መብት መከበር የቆመ፣ በሕግ ወይም አግባብነት ባለው ሌላ ሙያ የሠለጠነ ወይም በልምድ ሰፊ ዕውቀት ያካበተ፣ በታታሪነቱና በታማኝነቱ መልካም ስም ያተረፈ፣ ዕድሜው ከ35 ዓመት በላይ የሆነ ኢትዮጵያዊ ይላል። «በልምድ ሰፊ ዕውቀት ያካበተ» የሚለው ሐረግ ለፖሊስ መኮንንም በሩን አልዘጋም። እስካሁን ኮሚሽኑን የመሩት በአመዛኙ ከዲፕሎማሲ፣ ከመንግሥት አስተዳደርና ከሕግ ሙያ የመጡ ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1224 የኮሚሽኑን ነፃነትና ሥልጣን አጠናክሯል። ለዛሬው ርዕሳችን ትልቁ ቁም ነገር ኮሚሽኑ ማረሚያ ቤቶችን፣ ፖሊስ ጣቢያዎችንና ሌሎች ሰዎች ተይዘው የሚቆዩባቸውን ቦታዎች ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ማግኘቱ ነው። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው ሦስት ሰዎች የሚገኙት ሳይታሰብ በተከፈተ በር ብቻ ነው፤ ጎብኚ እንደሚመጣ የተነገረው ጣቢያ መዝገቡን የሚያስተካክልበት ሌሊት አለው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ከብሔራዊ የሰብዓዊ መብት ተቋማት ዓለም አቀፍ ኅብረት የ«ሀ» ደረጃ አግኝቷል፤ ቀድሞ የነበረው ደረጃ «ለ» ነበር።

ይህ ደረጃ የሚሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ባጸደቃቸው የፓሪስ መርሆዎች መሠረት ነው። መርሆዎቹ የአባላት ስብጥር የኅብረተሰቡን ልዩ ልዩ ወገኖች እንዲወክል፣ ተቋሙም ከመንግሥት ቁጥጥር ነፃ እንዲሆን ይጠይቃሉ። የፖሊስ መኮንንን በስም አይከለክሉም፤ አይፈቅዱምም። ክፍተቱን እያንዳንዱ ሀገር በራሱ መንገድ ሞልቶታል። ሁለቱን እንመልከት።

፫. ሕንድ፦ ዕውቀቱን በሕግ የቀጠረች ሀገር

ጥያቄውን ከማንም በላይ በግልጽ የተጋፈጠችው ሕንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሰብዓዊ መብት ጥበቃ ሕጓ ብሔራዊ ኮሚሽን ሲያቋቁም፣ ኮሚሽኑ የራሱ የፖሊስና የምርመራ ሠራተኞች እንዲኖሩትና እነርሱንም ማዕረጉ ከፖሊስ ዋና ዳይሬክተር ያላነሰ መኮንን እንዲመራቸው ደንግጓል። በሌላ አነጋገር ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን በሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ውስጥ መሥራቱ በሕንድ የአጋጣሚ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ግዴታ ሆነ። ይህን የምርመራ ክፍል ከመሩት አንዱ ሳንካር ሴን ናቸው፤ ቀደም ሲል በሃይደራባድ የሚገኘውን ብሔራዊ የፖሊስ አካዳሚ የመሩ መኮንን ነበሩ።

ኮሚሽኑ ገና በተቋቋመበት ዓመት፣ በታኅሣሥ 1993፣ በእስር ላይ የሚከሰት ማንኛውም ሞት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነገረው መመሪያ አወጣ። ቀጥሎም በ1995 በእስር ላይ የሞቱ ሰዎች የአስከሬን ምርመራ በቪዲዮ እንዲቀረጽ ለክልል መንግሥታት ጻፈ። ሁለቱም የማስረጃን ዕድሜ የሚያውቅ ሰው የሚያስባቸው እርምጃዎች ናቸው፤ ማስረጃ በፍጥነት እንደሚጠፋና የአስከሬን ምርመራ ወረቀት ሊታረም እንደሚችል ከግምት ያስገባሉ።

እስከዚህ ድረስ መኮንኑ በመርማሪነት ወንበር ላይ ነው። ከባዱ ጥያቄ የመጣው መኮንን ወደ ፈራጅነት ወንበር ሲጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የማዕከላዊ ምርመራ ቢሮ ዳይሬክተር የነበሩት ፒ. ሲ. ሻርማ የኮሚሽኑ አባል ሆነው ተሾሙ። ሕጉ በወቅቱ ለሁለት የአባልነት ወንበሮች «በሰብዓዊ መብት ጉዳዮች ዕውቀት ወይም ተግባራዊ ልምድ ያላቸው ሰዎች» ይል ነበር። የሕዝባዊ ነፃነቶች ኅብረት የተባለው የመብት ድርጅት ሹመቱን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቃወመ።

በ2005 ጉዳዩን ያዩት ሁለት ዳኞች ተለያዩ። ዳኛ ሳባርዋል፣ ሕጉ ከፓሪስ መርሆዎች ጋር ተጣጥሞ መነበብ እንዳለበትና አብዛኛው አቤቱታ የሚቀርበው በፖሊስ ላይ በመሆኑ የቀድሞ የፖሊስ መኮንን በአባልነት ሊሾም እንደማይገባ ወሰኑ። ዳኛ ዳርማዲካሪ በበኩላቸው ሕግ አውጪው ያልጻፈውን ክልከላ ፍርድ ቤት ሊጨምር እንደማይችል፣ ሙያ ብቻውንም ማንንም ብቁ ወይም ብቁ ያልሆነ እንደማያደርግ ገለጹ። ጉዳዩ ለሦስት ዳኞች ቀርቦ ሹመቱ ጸና።

ተማሪዎቼ ይህን መዝገብ ሲያነቡ «ማን ትክክል ነበር?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ ሁለቱ ዳኞች የመለሱት አንድን ጥያቄ አይደለም የሚል ነው። አንደኛው የጠየቁት ተቋሙ በተበዳዮች ዓይን እንዴት ይታያል የሚለውን ነው። ሌላኛው የጠየቁት ሕጉ ምን ይላል የሚለውን ነው። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ሁለቱም ጥያቄዎች አግባብ ናቸው፤ ስለዚህ የእኛ ትምህርት ሕጉ ዝም እንዳይል ማድረግ ነው።

ታሪኩም በ2005 አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 የዓለም አቀፉ ኅብረት የደረጃ ሰጪ ንዑስ ኮሚቴ የሕንድን ኮሚሽን ደረጃ ማደስ አዘገየ። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የፖሊስ መኮንኖች በምርመራ ክፍሉ ውስጥ መሥራታቸው ነበር፤ በተለይ አቤቱታው በፖሊስ ላይ ሲሆን የጥቅም ግጭት ይፈጥራል፣ ተበዳዮችም በነፃነት እንዳይናገሩ ያደርጋል የሚል ስጋት ገልጿል። እንግዲህ በመርማሪነት ወንበር ላይ ያለ መኮንንም ከጥያቄ አያመልጥም ማለት ነው። መኮንኑ ከፖሊስ ሠራዊት በውሰት የመጣ ከሆነና ነገ ወደዚያው የሚመለስ ከሆነ፣ ዛሬ የሚመረምረው የነገ አለቃውን ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱን አስምሩበት፤ ፖሊስን ለቆ የወጣ ሰውና ፖሊስ ሆኖ በውሰት የተቀመጠ ሰው አንድ አይደሉም።

፬. ደቡብ አፍሪካ፦ ሰውየውን ከሹሙ ማን ያስጥለዋል?

ሁለተኛው ምሳሌ የሮበርት ማክብራይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተወለደው ማክብራይድ በአፓርታይድ ዘመን የኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ ተዋጊ ነበር። በ1986 በደርባን ከተማ ባካሄደው የመኪና ላይ የቦምብ ጥቃት ሦስት ሴቶች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። የሞት ፍርድ ተፈርዶበት በ1992 በፖለቲካ ድርድሩ ተለቀቀ፤ የእውነትና እርቅ ኮሚሽን በ2001 ምሕረት ሰጠው። ከ2003 ጀምሮ ከጆሃንስበርግ አጠገብ የምትገኘው የኤኩርሁሌኒ ከተማ የፖሊስ አዛዥ ሆነ። በ2014 ደግሞ ፖሊስን የሚመረምረው ነፃ የፖሊስ ምርመራ ዳይሬክቶሬት ዋና ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ።

በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የሞት ፍርደኛ፣ የፖሊስ አዛዥና የፖሊስ ተቆጣጣሪ ተገናኙ። ስለ ያለፈው ታሪኩ ብዙዎች ተከራክረዋል፤ የጥቃቱ ተጎጂ ቤተሰቦች ሐዘን ደግሞ በማንም ክርክር የሚያልቅ አይደለም። ለእኛ ርዕስ ግን ወሳኙ ከሹመቱ በኋላ የሆነው ነው። በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. የፖሊስ ሚኒስትሩ ማክብራይድን ከሥራ አገዱት። ሕጉ ሚኒስትሩ ብቻቸውን ይህን እንዲያደርጉ ይፈቅድላቸው ነበር። ማክብራይድ ተከራከረ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ ፖሊስን የሚመረምር ተቋም ኃላፊን የፖሊስ ሚኒስትር ብቻውን ሊያግድና ሊያነሣ መቻሉ የተቋሙን ነፃነት ስለሚጥስ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል አለ። ማክብራይድ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ዳይሬክቶሬቱም እስከ ሀገሪቱ ተጠባባቂ ብሔራዊ የፖሊስ ኮሚሽነር የሚደርስ ምርመራ አካሄደ። በ2019 የሥራ ውሉ ሲያበቃ ግን አልታደሰለትም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ማክብራይድ የፖሊስ አዛዥ መሆኑ የተቋሙን ነፃነት አላስጠፋም፤ አላስገኘምም። ነፃነቱ የተፈተነው «ማን ያነሣዋል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የቀድሞ መኮንን ደፋር ቢሆን እንኳ ወንበሩ በሚመረምረው ሰው እጅ ከሆነ ድፍረቱ ዕድሜ የለውም።

፭. በተቃራኒው መንገድ የመጣ ሰው

የሀገራችንን ቅርብ ታሪክ ስናይ ደግሞ ተቃራኒውን የሥራ ጉዞ እናገኛለን። ዶክተር ዳንኤል በቀለ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ተይዘው ታሰሩ፤ ተፈርዶባቸውም በ2000 ዓ.ም. ተፈቱ። ከዚያ በኋላ የሂዩማን ራይትስ ዋች የአፍሪካ ክፍልን መሩ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር አድርጎ ሾማቸው፤ የአምስት ዓመት ዘመናቸው በ2016 ዓ.ም. አበቃ። ማረፊያ ቤትን ከውስጥ ያዩት በእስረኛነት ነው፤ መኮንን የሚያየው ከጠረጴዛው ጀርባ ነው።

ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ «የታሰረ ከአሳሪ ይሻላል» ለማለት አይደለም። የታሰረም ሰው ያለፈ ቁስል፣ ወዳጅና ባላንጣ አለው፤ ስለ እርሱም «ገለልተኛ ነውን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ያለ ታሪክ የሚመጣ ሹም የለም። ስለሆነም ሕጉ የሚፈልገው ታሪክ የሌለው ሰው መሆን የለበትም፤ ታሪኩ በውሳኔው ላይ እንዳይጫን የሚያደርግ ሥርዓት ነው መፈለግ ያለበት።

፮. ወደ ቦርከና ሸለቆ ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለጨፋ ሮቢትና ለከሚሴ ሰው ምኑ ነው? በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደርና በሰሜን ሸዋ አዋሳኝ አካባቢዎች በደረሰው ግጭትና ጥቃት ብዙ ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ሰዎች ተፈናቅለዋል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በመጋቢቱ ብቻ ከ300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን በወቅቱ አስታውቋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የጸጥታ ኃይሎች ሚና ራሱ የክርክሩ አካል ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሙታን ይቆጥራል፤ የሌላውን ቆጠራ ይጠራጠራል። መርማሪ ሲመጣ ሕዝቡ ሪፖርቱን ከማንበቡ በፊት መርማሪውን ያነባል፤ ከየት መጣ? በየትኛው ቋንቋ ይናገራል? ትናንት የማንን ደንብ ልብስ ለብሶ ነበር?

በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንደገና ሲደራጁ አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ተደረገ። የደንብ ልብስ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ የሕዝብ ትዝታ ግን በዚያ ፍጥነት አይቀየርም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጽድቋል። ፖሊሲው እውነትን የማፈላለግ፣ የመክሰስና ተቋማትን የማሻሻል ሥራን ያካትታል። እነዚህ ተቋማት ሰው ይፈልጋሉ፤ ምርመራ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በብዛት የሚገኘው በፖሊስ ቤት ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ ነገ በቅጥር ማስታወቂያ ላይ የሚገኝ ጥያቄ ነው።

የቋንቋውን ነገር ለብቻው ላንሣ። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የኦሮሞን፣ የኽምራንና የአዊን ብሔረሰብ አስተዳደሮች አውቋል፤ የሥራ ቋንቋቸውንም የመወሰን ሥልጣን ሰጥቷቸዋል፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋ ነው። መዝገቡ ከአስተዳደሩ ወጥቶ ወደ ክልል ሲሄድ ግን አማርኛ ይጠብቀዋል። በአንድ ቋንቋ የተሰጠ ቃል በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ሲፈረም ምን እንደሚለወጥ የሚያውቀው ቃል የተቀበለ መርማሪ ነው። ይህን ስሕተት ፈልጎ ለማግኘት የቀድሞ መኮንን ይጠቅማል፤ ተበዳዩ ግን ፊት ለፊቱ የሚያየው ሰው የቀድሞ አሳሪው ከሆነ ቃሉን በየትኛውም ቋንቋ አይሰጥም።

ከእነዚህ ሁሉ በመነሣት አምስት መደምደሚያዎችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የፖሊስ ዕውቀት በሰብዓዊ መብት ተቋም ውስጥ ተገቢ ቦታው የምርመራና የሥልጠና ክፍል ነው፤ መዝገብ የሚያነጻጽር፣ የጣቢያን አሠራር የሚያስረዳ፣ ለፖሊስ የሚቀርበውን የማሻሻያ ሐሳብ በፖሊስ ቋንቋ የሚጽፍ ባለሙያ ያስፈልጋል። ጥሰት ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ብሎ የሚወስነው ወንበር ግን ስብጥር ባላቸው ሰዎች እጅ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ መኮንኑ ከሠራዊቱ ሙሉ በሙሉ የለቀቀ መሆን አለበት። በውሰት መጥቶ የሚመለስ ሰው የሕንድን ችግር ይዞብን ይመጣል። በመልቀቁና በሹመቱ መካከልም በሕግ የተወሰነ የዕረፍት ጊዜ ቢኖር መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ የቀድሞ መኮንን ባገለገለበት ክፍል፣ ባዘዘበት ዞንና እርሱ በነበረበት ዘመን የተነሡ አቤቱታዎችን እንዳያይ በጽሑፍ መደንገግ አለበት። ዳኛ ከችሎት እንዲነሣ የሚያስገድዱት ምክንያቶች በሕጋችን የታወቁ ናቸው፤ ለመብት መርማሪ ተመሳሳይ ደንብ ማበጀት ከባድ አይደለም።

አራተኛ፣ ሹመቱም ሽረቱም ከአስፈጻሚው እጅ መውጣት አለበት። የኮሚሽኑ ኃላፊዎች በምክር ቤቱ መሾማቸው ጥሩ መነሻ ነው። የማክብራይድ ጉዳይ የሚያስተምረን ግን ጥበቃው እስከ እገዳ፣ እስከ በጀትና እስከ ውል እድሳት ድረስ መዝለቅ እንዳለበት ነው።

አምስተኛ፣ ያለ ማስታወቂያ የመግባት ሥልጣን በሥራ ላይ መዋል አለበት። የ48 ሰዓት ገደብ በወረቀት ላይ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የሚያስከብረው ግን በሌሊት በር የሚያንኳኳና መዝገብ የሚጠይቅ ሰው ነው። ያ ሰው የቀድሞ ኮማንደር ቢሆን አልቃወምም፤ ዛሬ የሚታዘዘው ለማን እንደሆነ ግን ተረኛው ፖሊስም እስረኛውም በእርግጠኝነት ሊያውቁት ይገባል።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ለሐቀኛ መኮንን ፍርደ ገምድልነት ነው ትሉ ይሆናል። በሀገራችን ሕግ አክብረው፣ በአነስተኛ ደመወዝና በረጅም ሰዓት ሠርተው፣ ሰውን ከሞት ያስጣሉ ፖሊሶች መኖራቸውን አልክድም። እነርሱም የመብት ባለቤቶች ናቸው፤ መብታቸውን የሚጠይቅላቸው ተቋም ያስፈልጋቸዋል። እንዲያውም ያቀረብኳቸው ገደቦች ከማንም በላይ የሚጠቅሙት ሐቀኛውን መኮንን ነው። ነፃነቱ በሕግ ሲጠበቅ የቀድሞ ባልደረቦቹ ውለታ ሊጠይቁት አይችሉም፤ ተበዳዩም ያለ ፍርሃት ይቀርበዋል፤ የሚጽፈውም ሪፖርት በሪፖርቱ ይዘት እንጂ በጸሐፊው ማዕረግ አይመዘንም።

በሕግ፣ በፖለቲካ ሳይንስና በሰላም ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ ለምታዘጋጁ ተማሪዎች አንድ የጥናት መስክ ልጠቁም። የጣቢያ መዝገቦች በእውነት እንዴት እንደሚሞሉ፣ የጊዜ ቀጠሮ ጥያቄዎች በወረዳ ፍርድ ቤቶች እንዴት እንደሚወሰኑ፣ በሁለት ቋንቋ የሚሠሩ አካባቢዎች ቃልን እንዴት እንደሚመዘግቡ በሚገባ ልናጠና ይገባናል። ስለ ታላላቅ ሹሞች ብዙ እንጽፋለን። በቆላው ቀበሌ የተያዘው ወጣት ግን ዕጣው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት፣ በአንድ መዝገብ ላይ በሚሰፍር አንድ መስመር ነው። መስመሩን የሚጽፈውና መስመሩን የሚመረምረው ሰው በአንድ ማሠልጠኛ ሊወጡ ይችላሉ፤ በአንድ አለቃ ሥር ግን መሆን የለባቸውም።